የጋሽ ገብሬ የጎንደር ቪላ

በ1975 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አንድ አመሻሽ ላይ፣ አሥመራ ለባብሳ በዋናው ጎዳናዋ በኮምቢሽታቶ በምትንሸራሸርበት ሰዓት፣ አንድ የአልጋ ራስጌ ክራቫት አስሮ ወደ እኔ መጣ። ጠጋ ስል ራስጌውን የተሸከሙት የዓኽርያ ሰፈር ጎረቤቴ ጋሽ ገብረመድኅን ናቸው። ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ልብስ ሰፊ ናቸው። ለሽርሽር የወጡ ለመምሰል፣ በሸክማቸው ሥር ሆነው ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

አብራኝ የነበረችው የሰፈራችን አስተማሪ ሠርካለም ቀደመችኝ።

"ጋሼ፣ ምነው አልጋ ይዘው?"

"አየር ላስነካው ብዬ ነው።"

"ራስጌውን ብቻ?"

"ግርጌው ትናንት ወጥቶ ነበር።"

ቡና ቤት አስገባናቸው። ራስጌውን ከግድግዳ አስደግፈን ሻሂ አዘዝን። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ እውነቱ ወጣ። የሚኖሩበት ክፍል ግድግዳ በዝናቡ ተሰንጥቋል፤ መሐንዲስ አይቶ ይፈርሳል ብሏል፤ እስከ ቅዳሜ መልቀቅ አለባቸው። ዕቃቸውን በየማታው ወደ አንድ የድሮ ወዳጃቸው መጋዘን እያሸሹ ነው። ለራሳቸውና ለባለቤታቸው ለእትዬ እማዋይሽ ግን መጋዘን አልተገኘም።

"ለቀበሌ ነገሩ?" አለች ሠርካለም።

"እኔ ገብረመድኅን፣ ማደሪያ የለኝም ብዬ ሰው ፊት ልቁም? በእኛ ወግ ገመና ከደጃፍ አይወጣም።"

"ገመናው እኮ ትናንት በግርጌው፣ ዛሬ በራስጌው ወጣ፣ ጋሼ። ስኳር ሲመጣስ ቀበሌ ደጃፍ ይሰለፉ የለም እንዴ?"

"ስኳር ሌላ። እሱን ሁሉም ይሰለፋል።"

"ቤት ያጣውም ብዙ ነው። ሰልፉ ስለማይታይ ብቻዎን የቆሙ መስሎዎት ነው። ቀበሌው ባዶ ቤት ሲገኝ ለቸገረው ይሰጣል። ያልተናገረውን ሰው ግን ከየት ያውቀዋል?"

ጋሽ ገብሬ ብርጭቆውን አሽከረከሩ።

"እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ። ኮሚቴው ጎረቤት ይጠይቃል። ጎረቤቱ ደግሞ ጎንደር ላይ ቪላ እንዳለኝ ነው የሚያውቀው።"

"አለዎት እንዴ?"

"ከየት አምጥቼ። እዚህ እንደመጣን፣ ሰው እንዳይንቀን መሠረት አስጥያለሁ አልኩ። መሠረት ብቻ ሆኖ ሲቀር ያሳፍራል ብዬ ግድግዳ አቆምኩ። ከዚያ ቆርቆሮ። ባለፈው ፋሲካ በረንዳ ጨመርኩበት።"

"በረንዳው ለምን አስፈለገ?" አልኳቸው እኔ።

"እማዋይሽ ናት የፈለገችው።"

አንባቢዬ አይሳቅ። ሰው እንዳይንቀን በወሬ ያሠራነው ቪላ ብዙዎቻችን ጋ አለ። ግብር አይከፈልበትም፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አያስጠልልም።

"ሓቂ፣ እውነት ነው፣ ያሳፍራል" አለች ሠርካለም። "ግን አርብ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ወይ አርብ እርስዎ ትንሽ ያፍራሉ፣ ወይ ቅዳሜ እትዬ እማዋይሽ ደጅ ያድራሉ። የቱ ይቀላል?"

"እሷን ደግሞ ጉንፋን አይለቃትም" አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

አርብ፣ መፈክሩ ካለቀ በኋላ (መፈክር ደግሞ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም)፣ ጋሽ ገብሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

"የጎንደሩ ቪላ የለም" አሉ። "ያለንበት ክፍል ሊፈርስ ነው። ነገ የምናድርበት የለንም።"

ሊቀ መንበሩ ደበሳይ መነጽሩን አስተካከለ።

"በረንዳውም የለም?"

"በረንዳውም።"

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። በርበሬ ነጋዴዋ የወሎዋ አሲያ እንባዋን እየጠረገች፣ "አይ ጋሽ ገብሬ፣ ከፋሲካ ወዲህ ባሌን በዚያ በረንዳ ስጨቀጭቀው ነው የከረምኩት" አለች። ወዲያውም ወደ ደበሳይ ዞረች። "ከወፍጮው ጀርባ ያለው ቤት ሰዎቹ ከለቀቁት ቆይቷል። ለእነሱ የማይሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው? ግድግዳቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምስክር ነኝ።"

"እኔም" አለ ከኋላ አንዱ። "እኔም" አለ ሌላው። ኮሚቴው እዚያው መክሮ ፈቀደ።

ይህን ጊዜ፣ ልጆቿን ይዛ በዘመድ ኮሪደር የምታድረው ልብስ አጣቢዋ ኣምለሰት ቀስ ብላ እጇን አነሣች። ከዚያ በፊት በስብሰባ ላይ ድምፅዋን የሰማ አልነበረም። ቀጥሎ የሚገኘው ባዶ ቤት ለእሷ ተያዘ፤ በመስከረም ገባች።

ቅዳሜ ሰፈርተኛው ዕቃ ሲያጓጉዝ ጋሽ ገብሬ መካከል ቆመው ሰባኪ ሆነው አረፉት።

"ሲቸግርህ መጀመሪያ ለጎረቤትህ ንገር፣ ቀጥለህ ለቀበሌ። የቱ ቤት ባዶ እንደሆነ የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ የሚሰጠው ቀበሌ ነው። ዝም ካልክ ግን ሁለቱም ባለ ቪላ ነህ ብለው ያልፉሃል።"

"የቐንየለይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፣ አሁን አስተማሪ ተገኘ" አለች ሠርካለም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። አዲሱ ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ተቀምጠናል። እትዬ እማዋይሽ ቀና ብለው ጣሪያውን ጥግ በጥግ አዩት፤ የትም አያፈስም።

"በሩን ይዝጉት እንጂ፣ ብርድ ገባ እኮ" አሏቸው።

ጋሽ ገብሬ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ደስ ብሏቸው መሰለኝ፣ ከፈቱና እንደገና ዘጉት።