ሰናይት ክኒኑን የነጠቀችኝ ዕለት
ሰናይትን እኮ ዝም ብዬ አላደንቃትም። አገር ቤት ፋርማሲስት ነበረች፤ ቤይሩት ግን እንደኔው ሰው ቤት ትሠራለች። ዱባይ በሙያዋ ለመቀጠር የፈቃድ ፈተና ስላለባት፣ እሁድ እሁድ አንጠልያስ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ከጸሎት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ታጠናለች። አንድ ቀን ወገቤን አሞኝ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ልውጥ ስል ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ጨጓራ አለብሽ አይደል? ይሄ ያደማዋል።»

«ኸላስ፣ በቃ አምጪው! አንቺም እንደኔ መጥረጊያ ነው የያዝሽው፤ ያኒ እዚህም ፋርማሲስት ነሽ ማለት ነው?» አልኳት ሰው ሁሉ እየሰማ።

ታለቅሳለች ስል፣ ደብተሯን ገልጣ አንድ ጥያቄ በአማርኛ አነበበችልኝ፦ «ታካሚው ቢሰድብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

አፈርኩ። «መልሱስ?»

«አልቆጣም» አለች ፈገግ ብላ፤ «ክኒኑንም አልሰጥም።»