ሞተር ያቃጠለው ወረፋ

አማኑኤል ሰፈር ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጥሎ ጠሩኝና የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቼ በአዲስ ጠቅልዬ ገጠምኩት። "ይሄ መብራት ነው የሚያቃጥልብኝ" አለ ባለቤቱ። እስኪ ስትፈጭ ልይህ ብዬ ቆምኩ። የአንዲት እናት ጤፍ እየተፈጨ ሳለ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ባለቤቱ እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድ አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። "ድንጋዩ መሃል እኮ ጤፍ አለ! ሞተሩ ይህን ተሸክሞ መነሳት ሲያቅተው ቆሞ ያጓራል። እንደቆመ ደግሞ፣ ሲዞር ከሚስበው ስንት እጥፍ መብራት ይስባል፤ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ጤፉ ይውጣና ባዶውን ይነሳ።"

"ማን አባቱ ነው የሚያወጣው!" አሉ ሴትዮዋ። "ጤፌ ከወጣ ተራዬም ወጣ!" ለካ እዚያ ቤት መብራት ሲጠፋ ተራው እንዳይነጠቅ ማንም እህሉን አያስነካም። "እማማ፣ ተራዎን እኔ ቆሜ እጠብቅልዎታለሁ" አልኩና ማዳበሪያቸውን አቅፌ ከሰልፉ ፊት ተገተርኩ። ጤፉ ወጣ፣ ሞተሩ ባዶውን ሽው ብሎ ተነሳ፣ ጤፉም ተመልሶ ገባ። ባለቤቱ እስከ ዛሬ መብራት በጠፋ ቁጥር ይደውልልኛል፦ "ሞተሩስ ደህና ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ላክልኝ!"