ለአይደፈር ጉልበት
ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የጠበል ጄሪካናቸውን መተላለፊያው ላይ አስቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጉልበታቸውን ሲያሹ አይታ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል እንዴ?»

«የእኔስ የቆየ ነው ልጄ። አሁን የባሰበት ውሻዬ አይደፈር ነው። ጅብ ሲያባርር ገደል ገብቶ ጉልበቱን ተጎዳ።»

«ውይ፣ ምስኪን! የእኔም ውሻ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አሰረለት፤ ሰንብቶ ረገጠበት።»

«ተመስገን! አሁንስ ደህና ነው?»

«አምና በእርጅና ሞተብኝ። ዛሬም ማዕድ ሳነሳ ትራፊውን ለእሱ አስቀምጣለሁ።»

«አይዞሽ ልጄ። የእኔውንም ወጌሻ አይቶታል፤ ግን እግሩን መሬት አላስነካም አለ። እሁድ ቅዳሴ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር። አሁን ጥዬው ስወጣ ያለቅሳል።»

ሴትዮዋ ጄሪካኑን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጠበል ለውሻ ይፈቀዳል እንዴ?»

«ኧረ አይፈቀድም! የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ጉዴ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ሊያደርጉ ነው?»

«እኔ ጠበሉን ጉልበቴ ላይ ሳፈስ፣ እሱ ከእግሬ ሥር ይተኛል። ከእኔ ተርፎ የሚወርደውን ማን ይከለክለዋል?»

መኪናው ኩርባው ላይ ሲታጠፍ ጄሪካኑ ዘመም አለና፣ ከኋላ እጄን ሰድጄ እስክንወርድ ድረስ ያዝኩት።