ሁለት መዝገቦችን ያገናኙት የእትዬ በፈቃድዎ የሕይወት መንገድ

ወዳጆቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ከጎናችን የቆማችሁ ሁሉ፤ እኅታችን አፈር ሳይለብሱ በፊት ማን እንደ ነበሩ፣ ምን እንደ ሠሩና በምን እንደ ጸኑ እንድትሰሙልን፣ አምስት ታናናሾቻቸው ተሰብስበን የጻፍነውን እናነባለን። ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላልና፣ ደግነታቸውን ለየራሳችሁ ትዝታ ትተን፣ እኛ ሥራቸውን እንናገራለን።

እኅታችን በባቡር ጥገና ክፍል ብረት ቀራጭ ከነበሩት አባታችንና በሆስፒታል የስፌት ክፍል አንሶላና የሐኪም ካባ ይሰፉ ከነበሩት እናታችን፣ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ከዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት በፊት ተወለዱ። እናታችን ፈረቃ ሲገቡ የቤቱ አዛዥ እሳቸው ስለ ነበሩ፣ ጀርባቸው የሁላችንም አልጋ ሆኖ አደግን፤ ከአባታችን ቁጣ ይልቅም የእሳቸውን ዝምታ እንፈራ ነበር።

እኅታችን አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው የአባታችን ቀኝ እጅ በማሽን ተይዞ ሦስት ጣቶቻቸው ተቆረጡ፤ የቀሩትም ሁለቱ ማንኪያ እንኳ መጨበጥ ተሳናቸው። የአካል ጉዳት አበል ለማመልከት ሲሄዱ እኅታችን ወረቀታቸውን ይዘው አብረው ገቡ። የቢሮው ጸሐፊ ቀና ብሎ እንዴት እንደ ሆኑ ሲጠይቃቸው፣ አባታችን እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለው መለሱ። ጸሐፊው ያንኑ ጻፈ፤ ከሁለት ወር በኋላ የመጣውም ደብዳቤ አመልካቹ ደህና መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት ስላረጋገጡ ጥያቄያቸው ውድቅ መደረጉን ይገልጽ ነበር። አባታችን ነገሩን እንደ ቀልድ እያወሩ በዘበኝነት ዘመናቸውን ጨረሱ፤ ሰሚው ሁሉ ሲስቅ እኅታችን ግን አንድም ቀን አልሳቁም። የተጠየቀው ሰላምታ፣ የተጻፈው ምስክርነት መሆኑን በዓይናቸው አይተው ነበርና።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ፈጽመው፣ በሒሳብ ባመጡት ውጤት የሁለት ዓመት የስታቲስቲክስ ሥልጠና ተከታትለው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በመረጃ ሰብሳቢነት ተቀጠሩ። የተመደቡበት ሥራ በየሁለት ዓመቱ ወደዚያው ቤት እየተመለሱ፣ ያንኑ ሰው ስለ ጤናው የሚጠይቁበት የቤት ለቤት ጥናት ነበር። ዕቃቸውም አንድ የክብደት ሚዛን፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሰው ሲጨብጠው የእጁን ጉልበት በቁጥር የሚያሳይ አንድ መሣሪያና አንድ ወፍራም የመጠይቅ ደብተር ነበር። በር ሲከፈትላቸው ከሁሉ አስቀድመው፣ በፈቃድዎ ልጠይቅዎት ነው፣ ባይፈቅዱም አልቀየምም፣ የሚነግሩኝም ነገር እርስዎን ለመጉዳት አይውልም ይሉ ነበር። ከዚህ የተነሣ እናትና አባት ያወጡላቸው ስም ተረስቶ፣ ልጅም ሽማግሌም «እትዬ በፈቃድዎ» ይላቸው ጀመር።

መጠይቁ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኅታችን ደንብ ነውና ይህን ይጠይቃሉ፤ መልሱንም እንደ ተነገራቸው ይጽፋሉ። ቀጥለው ግን በኅዳጉ ላይ የራሳቸውን ይጨምሩ ነበር፤ ጫማዎን ማን ያስርልዎታል፣ ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ የሚደገፉት ምንድን ነው፣ ባልዲውን በየትኛው እጅዎ ያነሣሉ እያሉ፣ ሰውዬው ሳያፍር እውነቱ እስኪወጣ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። አለቆቻቸው መጀመሪያ ደብተር ያበላሻሉ ብለው ገሠጹዋቸው፤ በአራተኛው ዙር ግን የኅዳጉ ጥያቄዎች ወደ መጠይቁ ገቡ።

ትዳራቸውም የዚሁ ሥራ በረከት ነው። በየማለዳው የሚሳፈሩበትን የከተማ አውቶቡስ የሚነዱት ወጣት ሹፌር፣ ሚዛኑን ታቅፈው ሲገቡ አይተው፣ ወንበር ከያዘ ሚዛኑም ትኬት ይቁረጥ ብለው ቀለዱባቸው። እኅታችን ሳይስቁ ሁለት ትኬት ቆረጡ። ሹፌሩ በሰው ፊት ቀልዳቸው ስለ ከሸፈባቸው አፍረው፣ በማግሥቱ ከመሪያቸው ተነሥተው ሚዛኑን ራሳቸው አወረዱላቸው፤ ዓመት ሳይሞላም ተጋቡ። ሠላሳ ሰባት ዓመት በዘለቀው ትዳራቸው፣ አሁን ነርስና መምህርት የሆኑ ሁለት ሴቶች ልጆችንና አንድ መካኒክ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ መሥሪያ ቤታቸው ከጡረታና የአካል ጉዳት አበል መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቶ የሁለቱን መዝገቦች ለማገናኘት ተነሣ። የጤናው ጥናት ሰውዬው ደረጃ መውጣት መቻል አለመቻሉን ያውቃል፤ አበል መቼ እንዳመለከተና ምን እንደ ተመለሰለት ግን አያውቅም፤ ሰውም ቢጠየቅ ቀኑን ይዘነጋል። የአበሉ መዝገብ ደግሞ ማን እንደ ተፈቀደለትና ማን እንደ ተከለከለ ያውቃል፤ የተከለከለው ሰው ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደ ኖረ ግን ጠይቆ አያውቅም። ሁለቱ ቢገናኙ መንግሥት የሚረዳው የተጎዳውን ይሁን ወይስ አቤት ማለት የሚችለውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይታያል። እኅታችን የዚህ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ እያንዳንዱ ሰው ይፈቅድ ዘንድ ይጠየቅ አሉ። ሕጉ ይህን እንደማያስገድድ ሲነገራቸውም፣ የሰዎቹን በር ያንኳኳው ሕጉ አይደለም ብለው መለሱ።

አሥራ አራት ወር ፈጀ። ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰዎችን ፈለጉ። መቶ ሰማንያው ሞተዋል ወይም አድራሻ ለውጠዋል፤ ሁለት መቶ ሰማንያው እምቢ አሉ፤ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባው ፈረሙ። እምቢ ካሉት አንዱ የገዛ ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሼ ሹፌሩ ቤታቸው በጥናቱ ውስጥ ስለ ነበረ በሌላ ሠራተኛ ይጠየቁ ነበር፤ በወገብ ሕመም ከሥራ ወጥተው አበል ማግኘት ከጀመሩም ገና ዓመታቸው ነበር። ሚስቴ ስትጠይቀኝ የኖረችው ይበቃል፣ አሁን ደግሞ መንግሥት ይድገመኝ ወይ ብለው ወረቀቱን መለሱ። ባልደረቦቻቸው የኃላፊዋ ባል እምቢ ካለ ሌላው ምን ይላል ብለው ቢወተውቱም፣ እኅታችን በቤታቸው ስለ ነገሩ ትንፍሽ ሳይሉ የባላቸውን ወረቀት በገዛ እጃቸው ካልፈቀዱት ጋር አስቀመጡ።

ማገናኘቱም የዋዛ አልነበረም። በሦስተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ከግድግዳ ጋር በሚፋጠጥ ክፍል፣ ከሌላ ከምንም ጋር ባልተያያዙ ሁለት ኮምፒዩተሮች ፊት ሁለት ዓመት ተቀመጡ። አንዱ ሰው እዚህ በንጉሡ «ሠ» እዚያ በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ ሁለት ሰው ሆኗል፤ ወንድማማቾች በአባት ስም ተደባልቀው አንድ ሰው ሆነዋል፤ የልደት ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ ጸሐፊዎቹ የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ስለሚሰጡ፣ በመዝገቡ መሠረት ስድስት መቶ ሰዎች በአንድ ቀን ተወልደዋል። እኅታችን የዚያን ቀን አዋላጅ እግዜር ይርዳት ብለው ባልደረቦቻቸውን ካሳቁ በኋላ፣ በኮምፒዩተር ያልተለየውን እያንዳንዱን ሰው በዓይን እያመሳከሩ ለዩ። ስምን ከጥናቱ ቁጥር ጋር የሚያያይዘውን ዝርዝር ሁለት ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን አስቆለፉ፤ አንዱን ቁልፍ ራሳቸው፣ ሌላውን የተጠያቂዎችን መብት የሚጠብቀው የጥናቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ሐኪም ያዙ።

ሥራው እንዳለቀ በአበሉ መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ ተሾሙ። እሳቸውም አካል ጉዳተኛ ነኝ ብሎ አበል እየተቀበለ፣ ለጤናው ጥናት ግን ደረጃ እወጣለሁ ብሎ የተናገረ ሰው ሁሉ ስሙ ተዘርዝሮ እንዲላክላቸው በደብዳቤ ጠየቁ፤ አጭበርባሪን መሸሸግ ከአጭበርባሪ ጋር መተባበር ነው ሲሉም አስጠነቀቁ። የእኅታችን የበላዮች ፈርተው ዝርዝሩ እንዲሰጥ ወሰኑ። እኅታችን በኃላፊዎቹ ሁሉ ፊት ተጠርተው ቁልፉን እንዲያስረክቡ ሲታዘዙ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦

«እኔን ማሰናበት ትችላላችሁ፤ በየሰው ደጃፍ ቆሜ የሰጠሁትን ቃል ግን እኔም ራሴ ማሰናበት አልችልም።»

በዚያው ሳምንት ከክፍላቸው ተነሥተው በምድር ቤቱ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የተሰበሩ ወንበሮችንና ያረጁ መጠይቆችን እንዲቆጥሩ ተመደቡ። ሰባት ወር እዚያ ቆዩ። አልፈሩም ብንል ዋሾ እንሆናለን፤ ታላቂቱ ልጃቸው ገና የነርስነት ትምህርቷን አልጨረሰችም፣ ባለቤታቸው ከሥራ ወጥተዋል፣ እሳቸውም ከሰውነታቸው ጎድለው ቀሚሳቸው ሰፋባቸው። ባላቸውን ለማዳን ነው የሚል ሐሜትም ተነሣ፤ ጋሼ ሹፌሩ ፈቃድ ስላልሰጡ ስማቸው ከመነሻው በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ሲታወቅ ግን ሐሜተኛው ሁሉ አፉን ያዘ። ጋሼም ለምን እንዳልፈረምኩ አሁን ገባሽ ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረው፣ ከዚያ ወዲህ ሰባቱንም ወር በዚያ በታመመ ወገባቸው እስከ ግምጃ ቤቱ በር ሸኟቸው። ቁልፉ ያን ጊዜ ሁሉ በእኅታችን አንገት ላይ ነበር።

ሐኪሙም የእሳቸውን ቁልፍ አልሰጡም። በመጨረሻ ኮሚቴው ሁለቱንም መሥሪያ ቤቶች ጠርቶ ሲሰበሰብ፣ እኅታችን ስም የሌለበትን ቁጥር ይዘው ቀረቡ። አጭበርባሪ የለም አላሉም፤ ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባው ሰው መካከል፣ መልሳቸውና አበላቸው የማይጣጣም ሠላሳ አንድ ሰዎች መኖራቸውን ተናገሩ። ቀጥለውም እጃቸው መጨበጥ ተስኗቸው፣ ጫማቸውን ሰው እያሰረላቸው፣ አበል ጠይቀው የተከለከሉ ወይም ጭራሽ ሳይጠይቁ የቀሩ አራት መቶ ሰባ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን፣ ከእነዚህም ስድሳ ሦስቱ ከፈረሙ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ መሞታቸውን አስረዱ። አዲሱ ኃላፊ ሠላሳ አንዱን ለመያዝ ምን እናድርግ ብለው ቢጠይቁ፣ ራሳችሁ በመዝገባችሁ ያሉትን ሁሉ ደጃቸው ሄዳችሁ መርምሩ፣ ለእኔ የነገሩኝ ግን የእኔ ነው ሲሉ መለሱላቸው።

ዝርዝሩ ሳይሰጥ ቀረ። እኅታችን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ተመለሱ፤ የአመልካቾች መጠየቂያ ቅጽም እንዲለወጥ ተወሰነና «እንዴት ነዎት?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ወጥቶ፣ ሰው በእጁና በእግሩ ምን መሥራት እንደሚችል የሚጠይቁ አሥራ አንድ ጥያቄዎች ገቡ። ቀድሞ የተከለከለ ሁሉ ስሙ ሳይጠራ እንደ ገና እንዲያመለክት በአዋጅ ተጠራ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ስምንት መቶ ሰዎች በዚያ በር ገብተው ከግማሽ የሚበልጡት ተፈቀደላቸው። አባታችን ይህን ሳያዩ አርፈው ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ ስላቆሙ እኅታችን ጡረታ ወጥተው፣ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ይከታተሉ ጀመር። ጋሼ ሹፌሩ፣ ያለ ትኬት የምጭናት ብቸኛ ተሳፋሪ ብለው እየቀለዱ ያመላልሷቸው ነበር። እጥበቱ ክፍል ውስጥ አብረዋቸው ከሚተኙት ብዙዎቹ አበል ሊገባቸው እንደሚችል እንኳ አለማወቃቸውን ሲሰሙ፣ አንድ እጃቸው ከማሽኑ ጋር እንደ ተያያዘ በሌላው እጃቸው ቅጽ ይሞሉላቸው ገቡ። ነርሶቹ እንዲያርፉ ቢለምኗቸው፣ ተኝቼ አይደለም ወይ የምሠራው፣ ከዚህ የበለጠ ዕረፍት ከየት ይመጣል ይሉ ነበር። በዚህ ዓይነት የሠላሳ ስምንት ሕሙማንን ማመልከቻ ሞልተዋል፤ የመጨረሻውን የፈጸሙት ከዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ልባቸው ደከመ፤ ትናንት ማለዳ በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን አምስት ታናናሾቻቸውን፣ እንዲሁም ሥራውን ከእሳቸው እግር በእግር የተማሩትን መረጃ ሰብሳቢዎች ትተው ሄደዋል። እነዚህ ባልደረቦቻቸው ሰኞ የሚጀመረው የጥናቱ ሃያ ሁለተኛ ዙር ስለ ሐዘናችን በአንድ ሳምንት እንዲዘገይ ጠይቀውን ነበር፤ ጋሼም ልጆቻቸውም አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘገይ ለምነዋል፤ በየቤቱ መጠየቅን የሚጠብቅ ሰው አለና። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ በሩን አንኳኩ፤ ከመግባታችሁም በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

ለደከመው ሁሉ ዕረፍትን የሚሰጥ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍልን፤ ለጋሼና ለልጆቹ መጽናናትን፣ ለእኛም የእሳቸውን ያህል ቃልን መጠበቅ ያድለን። አሜን።