ሁለተኛው ደረጃ ላይ የቀረው ኮች

ትናንት በፌርፋክስ አውቶቡስ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ከፊቴ የተቀመጠውን ጎልማሳ አወቁትና ከጎኑ ተቀመጡ።

«አንተ፣ የሰናይት ልጅ አይደለህ? ያ ኳስህ ምን ደረሰ? ቲቪ ላይ ስጠብቅህ አረጀሁ እኮ!»

«ቲቪ ላይ የሚታየው ትልቁ ሊግ ነው፣ እትዬ። እኔ ቤዝቦል የተጫወትኩት ማይነር ሊግ ነው፤ ከሱ በታች።»

«ስንት ፎቅ በታች?»

«አራት ደረጃ አለው።»

«አንተስ ስንተኛው ላይ ደረስክ?»

«ከታች ሁለተኛው። ስምንት ዓመት ፈጀብኝ።»

«ሊፍት የለውም?»

«አለው፤ ለእኔ አልቆመም። ከዚያ ጉልበቴን ሰርጀሪ ተደረግኩና ሪሊዝ አደረጉኝ።»

«ሪሊዝ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በጨዋ ቋንቋ ማባረር ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን ትሠራለህ?»

«ኮች ነኝ። ልጆቹን ትልቁ ሊግ እንዴት እንደሚገባ አስተምራለሁ።»

«አንተ ያልገባህበትን?»

«እንዴት እንደማይገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለማ።»

«እሺ፣ የገባልህ አለ?»

«ባለፈው ሳምንት አንዱን ወደ ትልቁ ሊግ ጠሩት። ለእናቱ እንኳን ሳይነግር መጀመሪያ የደወለው ለእኔ ነው።»

«ባለጌ! ምን አልከው?»

«እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ከዚያ መልበሻ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።»

«ለሱ ነው ለራስህ?»

«እትዬ፣ የሚወርዱት እዚህ አይደለም እንዴ?»

ሴትዮዋ የአውቶቡሱን የማቆሚያ ገመድ ሳይነኩ ፌርማታቸውን ሲያሳልፉ፣ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።