ፈረሱ ያልሞተበት እግረኛ

የተከበራችሁ ነጭ ጺም አባቶች፣ ክቡር ኢማማችን፣ ጎረቤቶቼ፣ ከታችኛው መንደር ድረስ የመጣችሁ ወንድሞች፤ አንድ ጊዜ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ሥርዓታችንን ታውቃላችሁ። አፈር ከመመለሱ በፊት አንድ ሰው ይቆምና "ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። እናንተ በአንድ ድምፅ "ጥሩ ሰው ነበር!" ትላላችሁ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥጋው ድስት። ዛሬ ጠያቂው እኔ ሱዩንባይ ነኝ፤ የአርባ ዓመት ጓደኛው። ግን ለመመለስ አትቸኩሉ። ሴቶቹ ከሚስቱ ከቡሩል ጋር ድንኳኑ ውስጥ እያለቀሱ ነው። እዚህ ያለነው ወንዶች ብቻ ነን፤ እስቲ ሳንተፋፈር እንነጋገር።

ጥሩ ሰው ነበር ልትሉ ነው? በምን አወቃችሁ?

አሳናሊ ከመንደራችን እስከ ላይኛው ሐይቅ ድረስ መንገድ አወጣ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በዶማ፣ በገዛ ጉልበቱ። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው እንዳይጠፋ ብሎ ድንጋዮቹን ቀይ ቀለም ቀባ። ከየአገሩ ሰው እየመጣ አብሮት ተራመደ። ከእኛ መሃል አንድ ቀን አብሮት የወጣ ማን ነው? እስቲ እጁን ያውጣ!

አያችሁ?

እኛማ ፈረስ ላይ ተቀምጠን እናላግጣለን። "ጋሼ አሳናሊ፣ ፈረስህ ሞተ እንዴ?" በየማለዳው!

"ኧረ ደህና ነው፤ ሣር እየጋጠ ነው።"

"ታዲያ ምን ቆርጦህ በእግርህ?"

"ከፈረስ ላይ ሆኜ የማላየው ነገር አለ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ና፣ ላሳይህ።"

በቃ፣ ሳቅ በሳቅ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ "እሺ" ቢለው ምን ነበረበት?

ቱርሱናሊ፣ አንገትህን አትድፋ። አምና መኸር ላይ ጉም ወርዶብህ ፈረስህ እንኳ መንገዱ ጠፍቶት ነበር። እየጎተትከው በምን ወረድክ? በቀዮቹ ድንጋዮች! ነፍስህን አተረፉልህ። አንተስ? በሳምንቱ ከነዚያው ድንጋዮች ሦስቱን አምጥተህ ምድጃ ሠራህባቸው። አሳናሊ ቤትህ መጣ፤ አየ። ምን አለህ? "ደህና ይሞቃል?" አለህ። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ ሌላ ሦስት ድንጋይ ተሸክሞ ሲወጣ ሁላችንም አየነው። ማንም ላግዝህ አላለውም።

ይሄ ነው የሚያንጨረጭረኝ! ለምን አልተሳደበም? ለምን አንዴ እንኳ ጅራፉን አላነሳብንም? አሳናሊ፣ አንተን ነው! ትዕግሥትህ ነው ያባለገን።

እሺ። ሰው ላይ ጮኼአለሁ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

ከገደሉ በላይ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት መታጠፊያ አለ። በግራ ወደ ሐይቁ፣ በቀኝ ወደ ገደሉ። እዚያ አንድ ጠፍጣፋ ቀይ ድንጋይ ነበረ። የወሰድኩት እኔ ነኝ። የበጎቼ በረት በር አልዘጋ ብሎ ስላስቸገረኝ መቃኑ ሥር ገነባሁት። ነገ ሌላ እተካበታለሁ አልኩ። ነገው ሁለት ወር ሆነ።

ማክሰኞ ዕለት በዚያ ዝናብ በደጄ አለፈ። ድንጋይ ተሸክሟል።

"አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዝናብ የት ነው?" አልኩት።

"መታጠፊያው ላይ ምልክት የለም። ነገ እንግዶች አሉኝ።"

በረቴን አይቷል። ቀለሙ ወደ መንገዱ ነው የዞረው፤ እንዴት አያየውም? "ሱዩንባይ፣ አብረኸኝ አትወጣም?" ብቻ አለኝ።

"ፈረሴ እያነከሰ ነው" አልኩት።

ሳቀብኝ። "በፈረስ ማን አለህ?" ብሎኝ ሄደ።

መታጠፊያው ሊደርስ መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው አገኘነው። ድንጋዩን አጠገቡ አስቀምጦ ተቀምጧል። ልቡ ነው አሉ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ልብ ስንት ድንጋይ ይችላል? ፈረሴም አላነከሰም ነበር። ዋሸሁት።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በረቴን አፍርሼ ያንን ድንጋይ አወጣሁ። ያውና፣ ካባዬ ሥር ያለው እሱ ነው።

እንግዲህ ልጠይቅ። አሳናሊ ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ቆይ! እዚህ አትመልሱልኝ። አፈሩን እንመልስ፣ ፈረሶቹን እዚሁ እንሰር፣ በእግራችን እንውጣ። መልሳችሁን መታጠፊያው ላይ ትነግሩኛላችሁ። መውጣት የማይችል ሽማግሌ እዚሁ ይጸልይ። መውጣት እየቻለ የሚቀር ግን ጥሩ ሰው ነበር አይበልብኝ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። አፈሩ ይቅለልህ። ስትጠራኝ አልመጣሁም፤ ይኸው አሁን እየወጣሁ ነው።

ፈረሴ ደህና ነው፤ ሣር እየጋጠ ነው።