ለአራስ የሚሆን ደም

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ለልጆቼ አስተምራለሁ፤ ያን ቀን ግን አዳመጥኩ። ከዳንግላ በእንጅባራ በኩል ጫግኒ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ትርንጎና ሙሉ የሚባሉ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች፣ ከጎናቸውም አቶ ይስማው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ።

«ቀይ የደም ሴል የት ይመረታል?» አለች ትርንጎ።

«ልብ ውስጥ» አለች ሙሉ።

«ሞኝ! ልብ ደሙን ይረጫል እንጂ መቼ ያመርታል? የአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው።»

አቶ ይስማው ዞር አሉ። «ደም ታውቃላችሁ እንዴ? ልጄ እንጅባራ ሆስፒታል ወልዳ ብዙ ደም ፈሰሳት። ከቤተሰብ ሰው ቶሎ ይስጥ ብለው ደወሉልን።»

«ታዲያ እርስዎ አይሰጡም?» አለች ትርንጎ።

«የእኔማ አርጅቷል፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ለአራስ ጠቦት እንጂ ያረጀ በግ ይታረዳል? ወንድሟን ከጫግኒ ላመጣ ነው።»

«አባ፣ ያረጁት እርስዎ እንጂ ደምዎ አይደለም። ቀይ ሴል ከአራት ወር በላይ አይኖርም፤ አሮጌው ሲሞት መቅኔዎ አዲስ ይተካል።»

«ከአምስት ወር በፊት ድንች ስተክል የነበረው ደም ዛሬ የለም በይኛ!»

«የለም።»

«ከሰጠሁስ በኋላ?»

«እሱም ይተካል። ጤነኛ መሆንዎን ሐኪሙ መርምሮ ይወስዳል።»

«ፈተናው ላይ እንዲሁ ብለሽ ትጽፊዋለሽ?»

«እጽፈዋለሁ።»

አቶ ይስማው ወደ ረዳቱ ጮኹ፦ «እንጅባራ ወራጅ አለ! ሆስፒታሉ በር ላይ አውርደኝ!»

እኔ ጫግኒ እስክደርስ የግራ እጄን አንጓ በቀኜ ይዤ የደም ሥሬን ትርታ ሳዳምጥ ሄድኩ።